ፈቃጁም ተከፋዩም አንድ ሰው ሲሆን፦ ልጆችን ሪያሊቲ ቲቪ ላይ ማቅረብ የወላጅ መብት ነው ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ብዙ ሰው ሲቀባበለው የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ቤተሰብ ከነልጆቹ ሪያሊቲ ሾው (የሰዎችን የዕለት ኑሮ እየቀረጸ የሚያሳይ ፕሮግራም) ላይ መቅረቡን የሚነቅፉ ሰዎች የወላጅን ሥልጣን እየተጋፉ ነው ይላል። አማርኛው ያማረ ነው፤ ጸሐፊውም ልጅ የሚወዱ ሰው መሆናቸው ከአነጋገራቸው ያስታውቃል። ግን ተሳስተዋል፤ የተሳሳቱትም ከልጅ ፍቅር ጋር በማይገናኝ ነገር ላይ ነው።

መጀመሪያ ያሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። ወላጅ የልጁን ትምህርት ቤት፣ ሃይማኖትና ሐኪም ይመርጣል፤ ካሜራውም ከዚያ የተለየ አይደለም። እንዲህ ባለ ፕሮግራም ላይ ያለ ልጅ እየኖረ እንጂ እየሠራ አይደለም፤ ካሜራው ዝም ብሎ ይከተለዋል። ገንዘቡ ዞሮ ዞሮ ለልጁ ነው፤ የቤት ኪራይ ይሆነዋል፣ የትምህርት ቤት ክፍያ ይሆነዋል። ልጆች ካሜራ ይወዳሉ፤ ያልወደደ ልጅ ደግሞ ዝም አይልም። ተጎዱ የሚባሉት ከመነሻው ከተበላሸ ቤት የወጡ ናቸው፤ ለቀሩት ጣቢያዎችና ሕጎች በቂ ጥበቃ አላቸው። በመጨረሻም፣ ግላዊነት የሚባለው ነገር የፈረንጅ ነው፤ እኛ ዘንድ ልጅ የሰፈር ነው፣ በሰው ፊት ያድጋል።

ከነዚህ ውስጥ ከፊል እውነት ያለባቸው አሉ፤ ስደርስባቸው እቀበላለሁ። ዓመታቱ፣ ካልጠቀስኩ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። የምጀምረው ከሁለተኛው ነው፤ ሌላው ሁሉ የተንጠለጠለው እሱ ላይ ነውና።

እየኖረ ነው ወይስ እየሠራ?

ተቆርጦና ተሰፍቶ ያለቀውን ፕሮግራም ብቻ ያየ ሰው፣ ልጁ እየኖረ ነው ቢል አይፈረድበትም። ቀረጻው ግን ሌላ ነው። ልጆቹ ጧት ከእንቅልፋቸው ሲነሱ የሚታዩበትን ትዕይንት ውሰዱ። መብራቱ ቀድሞ ተተክሏል። ልጁ ቁርሱን ሳይቀምስ ሸሚዙ ሥር ትንሽዬ ማይክ በፕላስተር ይለጠፍበታል፤ ሽቦው በሆዱ ዞሮ ወገቡ ላይ ካለች ማሠራጫ ጋር ይገናኛል። የሦስት ዓመት ልጅ ሱሪ ያንን ዕቃ አይሸከምም፤ ስለዚህ በጨርቅ መቀነት ይታሰርለታል። ሲሮጥ ማይኩ ከልብሱ ጋር ይፋተጋል፣ የድምፅ ባለሙያው ያስቆመዋል፣ ሸሚዙ ይገለባል፣ ፕላስተሩ ተልጦ እንደገና ይለጠፋል። በቀን ስንት ጊዜ? የሚቆጥር የለም።

ማታ አባት ከሥራ ይመጣል። ካሜራው ሳሎን ውስጥ ስለነበር በሩ ሲከፈት ከውስጥ ተቀርጿል። ኤዲተሩ ግን ከውጭም ይፈልገዋል። አባት ተመልሶ ይወጣል፣ ካሜራው ቦታ ይቀይራል፣ አባት እንደገና ይገባል። መጀመሪያ ዘላ አንገቱ ላይ የተጠመጠመችው ልጅ አሁንም ዘላ እንድትጠመጠም ትጠየቃለች። የመጀመሪያው መጠምጠም ሕይወት ነው። ሁለተኛው ሥራ ነው።

ከዚያ ደግሞ ወንበር ላይ ተቀምጦ መጠየቅ አለ። የጠያቂው ድምፅ ስለሚቆረጥ አዎ ወይም አይ ብሎ መመለስ አይበቃም። ልጅቷ ጥያቄውን ከመልሷ ጋር ቀላቅላ፣ ትናንት ወንድሜ አሻንጉሊቴን ሲሰብርብኝ በጣም ተናድጄ ነበር ብላ በሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር አለባት። ባትናደድስ? ታሪኩ ንዴት ከፈለገ ጥያቄው በሦስት በአራት መንገድ እየዞረ ይመለስባታል። ከሳምንታት በኋላ ኤዲተሩ የጎደለ ነገር ሲያገኝ ያንኑ ቀሚስ ለብሳ፣ ጸጉሯ እንደያኔው ተሠርቶ፣ ያኔ ተሰማኝ የምትለውን ዛሬ ትጨምርበታለች። እዚያ ወንበር ላይ ይህን የሚያደርገው አዋቂ ቢሆን ተዋናይ እንለው ነበር።

ተዋናይ ብትባል ደግሞ ሰዓት ይኖራት ነበር። በካሊፎርኒያ ደንብ ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን ካሜራ ፊት የሚሠራው በቀን 20 ደቂቃ ብቻ ነው። ከ2 እስከ 6 ዓመት ያለ ልጅ ቀረጻው ቦታ ከ6 ሰዓት በላይ አይቆይም፣ ከዚያም ውስጥ ሥራው ከ3 ሰዓት አይበልጥም። በእንግሊዝ በ2014 የወጣው ደንብ ከ5 ዓመት በታች ላለ ልጅ በቦታው ላይ 5 ሰዓት፣ በትዕይንቱ 2 ሰዓት፣ ሳያርፍ ደግሞ ግማሽ ሰዓት ብቻ ይፈቅዳል። እየኖረ ነው የምትለዋ አነጋገር ለአምራቹ የምትጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ ሰዓቱን ታጠፋለታለች። ፋብሪካ የሚሠራ ሰው እንኳ ማታ ወጥቶ ቤቱ ይገባል። ቤቱ ራሱ ስቱዲዮ የሆነበት ልጅ ግን የሚገባበት ቤት የለውም።

ልጆች ዝም ብለው ሲኖሩ ማሳየት ደግሞ በቴሌቪዥን አልተጀመረም። በ1934 በካናዳ ኦንታሪዮ አምስቱ የዲዮን እኅትማማቾች በአንድ ጊዜ ተወለዱ። በቀናት ውስጥ አባታቸው ቺካጎ ኤግዚቢሽን ላይ ሊያሳያቸው ውል ፈረመ። መንግሥት ልጆቹን ከብዝበዛ አድናለሁ ብሎ ከወላጆቻቸው ወሰዳቸው፤ ወስዶም ራሱ አሳያቸው። የመጫወቻ ግቢያቸው ዙሪያ የመመልከቻ መተላለፊያ ተሠራ፤ ተመልካቹ ለልጆቹ እንዳይታይ ተጋርዶ እነሱ ይጫወታሉ፣ ሰው እያየ ያልፋል። ወደ 3 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው አያቸው። መስመር የሚያስጠና ዳይሬክተር አልነበረም፤ መጫወት ብቻ ነበር። በ1997 አሜሪካ ውስጥ ሰባት ልጆች በአንድ ጊዜ ሲወለዱ በሕይወት የነበሩት ሦስቱ እኅትማማቾች ለወላጆቹ ግልጽ ደብዳቤ ጻፉ፤ ልጆቹን መዝናኛ እንዳያደርጓቸው ተማጸኑ። በቀጣዩ ዓመት ከኦንታሪዮ መንግሥት 4 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ካሳ ተቀበሉ።

ገንዘቡ ለልጁ ነው?

በልጅ አመካኝቶ ይበላል አንጉቶ የሚለውን ተረት የማነሳው ማንንም ወላጅ ለመስደብ አይደለም። ወላጁ ደግ ቢሆንም እንኳ ገንዘቡ የሚሄድበትን መንገድ ስለሚያሳይ ነው።

ጃኪ ኩገን በ1921 ከቻርሊ ቻፕሊን ጋር የተወነ ሕፃን ነበር። አድጎ ገንዘቤን ሲል ገንዘቡ የለም። በ1938 እናቱንና እንጀራ አባቱን ከሰሰ፤ ሠርቶ ካመጣው ሚሊዮን ውስጥ እጁ የገባው 126 ሺህ ዶላር ያህል ነው። በቀጣዩ ዓመት ካሊፎርኒያ ያወጣችው ሕግ በእሱ ስም ይጠራል። ከ2000 መባቻ ጀምሮ ተጠናክሮ ገቢው የልጁ እንጂ የወላጅ አይደለም፣ ከጠቅላላ ክፍያውም 15 ከመቶው እስኪያድግ በማይነካ ሂሳብ ይቀመጣል የሚል ሆነ።

ጥሩ ሕግ ነው። ሪያሊቲ ሾው በጎኑ እንዴት እንደሚያልፈው ግን እዩ። የተዋናይ ልጅ ውል በልጁ ስም ነው፤ ክፍያው ተጽፎበታል። በቤተሰብ ፕሮግራም ውሉን አባት ወይም እናት ሲፈርም የልጆቹ ስም ኋላ ላይ በተያያዘ የፈቃድ ቅጽ ላይ ብቻ ሊቀር ይችላል። ለምሳሌ ያህል በአንድ ክፍል 10,000 ዶላር ይከፈል እንበል፤ 12 ክፍል ሲሆን 120,000 ዶላር ይመጣል። ሙሉው ለአባት ተከፈለ። የልጁ ደመወዝ ስንት ነው? ዜሮ። የዜሮ 15 ከመቶስ? ማንም ሌባ ሳይሆን፣ ማንም ሕግ ሳይጥስ፣ ልጁ ባዶ እጁን ወጣ ማለት ነው። በአርካንሳስ 19 ልጆች የነበሩት የዱገር ቤተሰብ ፕሮግራም እስከ 2015 ለዓመታት ታይቷል። ከሴቶቹ ልጆች አንዷ ጂል በ2023 ባወጣችው መጽሐፍ፣ ለዚያ ሁሉ ቀረጻ ሳይከፈላት መቆየቷን ጽፋለች።

ጸሐፊው ቤቱም ምግቡም ለልጁ ነው ሲሉ፣ ልክ ነው፣ ልጁ ከዚያ ቤት ይኖራል። ነገር ግን ልጅን ማብላት ቀድሞውንም የወላጅ ግዴታ ነው። ልጁ ራሱ ባመጣው ገንዘብ በልቶ እንዴት ነው ተከፈለህ የሚባለው? ተቀጥሮ ከብት የሚጠብቅ እረኛ እንኳ ከሚበላው ሌላ የዓመት ዋጋው ተቆርጦለት ነው።

ስሌቱ ደግሞ ከባድ አይደለም። ከሐምሌ 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የአሜሪካዋ ኢሊኖይ ግዛት ሕግ ኢንተርኔት ላይ ለሚወጡ የቤተሰብ ቪዲዮዎች ቀላል ቀመር አለው። ከ16 ዓመት በታች የሆነ ልጅ በ30 ቀን ውስጥ ከተሠራው ቪዲዮ ቢያንስ 30 ከመቶው ላይ ካለበት ድርሻ አለው፤ ድርሻውም የታየበት መጠን ግማሽ ነው። በቪዲዮው ግማሽ ላይ ከታየ ከዚያ ቪዲዮ ገቢ ቢያንስ 25 ከመቶ ይቀመጥለታል። ፈረንሳይ በጥቅምት 2020 ባወጣችው ሕግ ደግሞ የልጁ ድርሻ ወላጅ ኪስ ሳይገባ የመንግሥት የአደራ ተቋም ዘንድ ይገባል። ገንዘቡ የልጁ ነው የሚል ሰው በእነዚህ ሕጎች ሊከፋ አይገባም፤ ያለውን ነው ያጸኑለት።

የወላጅ ምርጫ

ይህኛው የጽሑፉ ጠንካራ ክንድ ነው፤ አንባቢ የወደደለትም እሱን ይመስለኛል። ወላጅ ብዙ የማይመለስ ነገር ለልጁ ይወስናል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ልጁን ያስከተበ አባት ከክትባቱ ኮሚሽን አይቀበልም። ትምህርት ቤት ያስገባች እናት ለልጇ በተጠራ ስም ቁጥር ከዳይሬክተሩ አይከፈላትም። እነዚያን ውሳኔዎች ለወላጅ የምንተወው ወላጅ ከልጁ ጥቅም ሌላ የሚያየው ነገር ስለሌለ ነው። ካሜራው ሲመጣ ፈቃጁም ተከፋዩም አንድ ሰው ይሆናል። ዳኛ እንኳ የራሱ ጥቅም ያለበት መዝገብ ሲደርሰው ከችሎቱ ይነሳል፤ ክፉ ስለሆነ አይደለም።

ሁለተኛው ልዩነት መመለሻው ነው። ትምህርት ቤቱ መጥፎ ሆኖ ሲገኝ ልጁን ታወጡታላችሁ። በዚህ ሥራ የተለመደው ውል ግን ምስሉን በመላው ዩኒቨርስ፣ ለዘለዓለም፣ ባለውም ወደፊትም በሚፈለሰፍ መሣሪያ ሁሉ የመጠቀም መብት ለአምራቹ የሚሰጥ ነው። ዩኒቨርስ የምትለዋ ቀልድ ትመስላለች፤ የሕግ ባለሙያዎች ግን አስበው ነው የሚጽፏት። የአራት ዓመት ልጅ አባት ይህን ሲፈርም፣ የፈረመው ለ30 ዓመቱም ለ60 ዓመቱም ሰው ነው።

የእንግሊዝ የብሮድካስት ተቆጣጣሪ ኦፍኮም ይህን ነጥብ ከብዙዎች ቀድሞ አይቶታል። ደንቡ ከ18 ዓመት በታች ያለ ተሳታፊ አካላዊና ስሜታዊ ደኅንነቱና ክብሩ እንዲጠበቅ ጣቢያውን ያስገድዳል፤ ተሳታፊውም ሆነ ወላጁ ቢፈቅድ እንኳ። ወላጅ ፈቅዷል የሚለው መልስ እዚያ አገር ለጣቢያው መከላከያ አይሆነውም። የወላጅ ሥልጣን ግን አልጠፋም፤ እንግሊዛዊ አባት ዛሬም ልጁን የፈለገው ትምህርት ቤት ያስገባል።

ልጆች ይወዱታል

አዎ፣ ይወዱታል። ብዙዎቹ ይወዱታል፤ ይህን ለመካድ አልሞክርም። ካሜራማኑ ጓደኛ ነው፣ ድምፅ ያዡ ጣፋጭ አያጣም፣ ወላጅ ያለወትሮው ቤት ይውላል፣ ሁሉም ሰው ልጁን ያያል። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ።

ችግሩ የልጁ እሺታ ስለምን እንደሆነ ነው። የአምስት ዓመት ልጅ እሺ የሚለው ፊቱ ለቆመው ካሜራና ለካሜራማኑ ነው፤ በ13 ዓመቱ የክፍል ጓደኞቹ በስልካቸው ለሚያዞሩት ቪዲዮ እሺ አላለም፣ ሊልም አይችልም። ከ2007 ጀምሮ በአሜሪካ በታየው፣ መንታዎችና ስድስት እኩያ ሕፃናት በነበሩበት የፔንሲልቫኒያ ቤተሰብ ፕሮግራም ላይ ትንንሾቹ ሽንት ቤት ሲለማመዱ ሳይቀር ተላልፏል። ያኔ ሳቁ ይሆናል። ማን ያኔ አይስቅም?

ያልወደደ ልጅ ይናገራል የሚለው ደግሞ ልጅ እምቢታውን ለማን እንደሚናገር ይዘላል። የሚናገረው ለወላጁ ነው፤ ወላጁ ደግሞ ውል አለበት፣ ውጭ ስምንት ሰው ደመወዝ እየቆጠረ ቆሟል፣ ቀኑ እየመሸ ነው። ልጅ ይህን ያሸታል። በዩታ ግዛት በጥቅምት 2024 ለሕግ አውጪዎች የመሰከረች አንዲት ያደገች ልጅ፣ አሳፋሪ ወይም አጓጊ ነገር ሲቀረጽ 100 ዶላር ወይም ገበያ መውጣት ይሰጠን ነበር ብላለች። ማፈሩ ዋጋ ከወጣለት የልጁ ደስታ ምኑን ያስረዳል?

የምር እምቢ ማለት እንዲቻል ጠያቂው ከገንዘቡ ውጭ ያለ ሰው መሆን አለበት፤ ጥያቄው ቀረጻው ከመጀመሩ በፊት ወላጅ በሌለበት መቅረብ አለበት፤ እምቢታው ምክንያት አይጠየቅበትም፤ ያ ቀን ሲሰረዝም ለወላጁ የሚቀነስ ነገር መኖር የለበትም። የመጨረሻው ካልተሟላ የፊተኞቹ ሦስቱ ለይስሙላ ናቸው።

የተጎዱት ከተበላሸ ቤት ናቸው፣ ለሌላው ሕግ አለ

ግማሹን እቀበላለሁ። መጥፎ ዕጣ የገጠማቸውን ብቻ እየለቀሙ መቁጠር ትክክል አይደለም፤ በቴሌቪዥን አድገው ደህና የሚኖሩ አሉ። ዩታ ውስጥ ስምንት አባላት ያሉትን ቤተሰቧን ዩቲዩብ ላይ ታሳይ የነበረችው ሩቢ ፍራንኪ በየካቲት 2024 ልጆቿን በማሰቃየት እስር ሲፈረድባት፣ ካሜራው ነው ጨካኝ ያደረጋት ማለት አይቻልም።

ነገር ግን ቅድም ምስክርነቷን የጠቀስኳት የእሷው የበኩር ልጅ ናት። ለሕግ አውጪዎቹ የተናገረችውም የጨካኝ እናት ሰለባ ሆኜ አልመጣሁም፣ የመጣሁት የቤተሰብ ቪዲዮ ሰለባ ሆኜ ነው የሚል ነበር። ሁለቱን ጉዳቶች ራሷ ለይታ ካስቀመጠች እኛ ለምን እንቀላቅላቸዋለን? ሌላም አለ። ጸሐፊው ሁሉ የሚያየው ቤት ውስጥ ልጅ አይበደልም የሚል ነገር በጨረፍታ ጣል አድርገዋል። በ2020 ከልጆቿ አንዱ ለሰባት ወር መኝታ ክፍሉን ተከልክሎ ወለል ላይ ባለ የመቀመጫ ትራስ እንደተኛ በዚያው ቻናል ላይ ተናገረ። ተመልካች ተቆጣ፣ ፊርማ ተሰበሰበ፤ እናትየው የታሰረችው ግን በ2023 ነው፣ ያውም አንዱ ልጅ አምልጦ የጎረቤት በር ካንኳኳ በኋላ። ያዳነው ጎረቤት ነው።

ሕጉን በተመለከተ፣ የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ በ1938 የሕፃናትን ሥራ ሲገድብ ተዋናይ ልጆችን ከገደቡ ውጭ አደረጋቸው፤ ጉዳዩ ለየክፍለ ግዛቱ ቀረ። የፔንሲልቫኒያው ቤተሰብ ጉዳይ በ2009 በግዛቱ የሠራተኛ መሥሪያ ቤት ተጠና፤ ልጆቹ የሥራ ፈቃድ ሊወጣላቸው ይገባ እንደነበር ተረጋግጦ ያለክስ ተዘጋ። ሪያሊቲ ፕሮግራምን በግልጽ የሚያካትተው ሕግ በ2012 ጸድቆ በ2013 መጀመሪያ ሥራ ላይ ዋለ። ስድስቱ ሕፃናት በ2004 የተወለዱ ናቸው፤ ፕሮግራሙ ሲጀምር ገና ሦስት ዓመት ቢሞላቸው ነው፣ ሕጉ ሲደርስላቸው ግን ስምንት አልፏቸው ነበር። ጥርሳቸው እንኳ ከሕጉ ቀድሞ ተቀይሯል።

የጣቢያዎች ጥበቃስ? በ2007 በኒው ሜክሲኮ ከ8 እስከ 15 ዓመት የሆኑ 40 ልጆች ያለወላጅ 40 ቀን ከተማ ያስተዳድራሉ በተባለበት ፕሮግራም፣ ልጆች በለስላሳ ጠርሙስ የተቀመጠ በረኪና ጠጥተዋል፤ አንዲት ልጅ ምግብ ስታበስል በዘይት ፊቷ ተቃጥሏል። አምራቾቹ ልጆቹ ሠራተኞች ሳይሆኑ ካምፕ እንደሄዱ ያህል ናቸው ሲሉ ተከራከሩ። ያው እየኖሩ ነው የሚለው ነገር።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ልጅ ከጉልበት ብዝበዛ እንዲጠበቅ፣ በሚወሰንበት ነገርም ጥቅሙ እንዲቀድም ይላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ዓ.ም. ከ15 ዓመት በታች መቅጠርን ይከለክላል፤ ከ15 እስከ 18 ያለውም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም። በእናቱ ስልክ የሚቀረጽ ልጅ ግን ቀጣሪ የለውም፤ ስለዚህ አዋጁ አያገኘውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው ፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 27 የሰው ምስል ያለፈቃዱ ለሕዝብ እንዳይታይና እንዳይሸጥ ይከለክላል። የልጁን ፈቃድ የሚሰጥለት ማን ነው? ዞረን መጣን፤ ወላጁ።

ልጅ የሰፈር ነው

ከጸሐፊው ጋር በጣም የምለያየው እዚህ ነው። ግላዊነት የሚለው ቃል አዲስ ነው፣ እቀበላለሁ። ገመና የሚለው ግን አዲስ ነው? አራስ ቤት ማን ነው የሚገባው? ሕፃን መንገድ ሲወጣ ፊቱ ለምን በነጠላ ይሸፈናል? ስንት ልጅ አለህ ሲባል ቁጥሩን ላለመናገር እግዜር የሰጠኝን ብሎ የሚያልፍ ሽማግሌ ዛሬም አለ። የክርስትና ስሙን ለማያውቀው ሰው የማይናገር ሰው ሞልቷል። ልጁ አማረ ተብሎ ሲመሰገን እናቱ ነገሩን አቅልላ፣ እንትፍ እንትፍ ብላ ታልፋለች። ቡዳ አለ የለም የሚለው ክርክር እዚህ አያስፈልግም። ያ ሁሉ ሥርዓት የሚጠብቀው አንድ ነገር ነው፤ ማን እንደሆነ የማይታወቅ ዓይን ልጅ ላይ እንዳያርፍ። ይህን ከፈረንጅ ተቀዳ ማለት አያቶቻችንን አለማወቅ ነው።

ሰፈር ልጅ ያሳድጋል፣ ልክ ነው። ጎረቤቷ እትዬ ሲያጠፋ ትቆነጥጠዋለች፣ ሲርበው ታጎርሰዋለች፣ አልጋ ላይ ሲሸና ሰምታ ትስቃለች። እሱም ግን ያውቃታል። ቡናዋን ጠጥቶ ባያውቅ ጀበናዋን ያውቃል፤ አብዝታ ብታሾፍበት እናቱ ትቀየማታለች፤ ሠርጉ ላይ እልል የምትለው እሷ ናት። የሰፈር ዓይን የሚታይ ዓይን ነው፤ የሚጠየቅ፣ የሚያፍር። የፕሮግራሙ ተመልካች ልጁን ከነሽንቱ ያውቀዋል፣ ልጁ ግን አንዱንም አያውቀውም። ሰፈር ይረሳል ደግሞ። አልጋ ላይ መሽናቱ ሰባት ዓመት ሲሞላው ወሬ መሆኑ ያበቃል፤ ቪዲዮው ግን 25 ዓመት ሞልቶት ሥራ ሲያመለክት ስሙን የጻፈ ሁሉ ያገኘዋል።

በምን ይሁን?

ይከልከል የሚሉ አሉ፤ ሚኒሶታ ከሐምሌ 2025 ጀምሮ ከ14 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን በገቢ ማግኛ ቪዲዮ ሥራ ማሰማራትን ከልክላለች። እኔ ጨርሶ ይከልከል አልልም። በደንብ የተሠራ የቤተሰብ ፕሮግራም ስለ አካል ጉዳት፣ ስለ ጉዲፈቻ፣ ስለ ብዙ ልጅ ማሳደግ ከመቶ ስብሰባ የበለጠ ያስተምራል፤ ጸሐፊው ይህን ማለታቸው ተገቢ ነው። ግን አዲስ አበባ ሆነ ዋሽንግተን፣ ጣቢያ ሆነ የቤት ቻናል፣ ውሉ ላይ እነዚህ ከሌሉ አይሁን።

ልጁ በስሙ ተከፋይ ይሁን፤ ድርሻው ወላጅ ሊያወጣው በማይችል ሂሳብ በየክፍያው ቀን እንጂ ሲመቸን ተብሎ አይግባ። መታጠቢያ ቤት፣ መኝታ፣ ሕመም፣ ቅጣትና ለቅሶ ከቀረጻ ውጭ ይሁኑ፤ ከሁሉም የሚከብደው ለቅሶው ነው፣ ተመልካች የሚያመጣው እሱ ነውና። በቤቱ ቢያንስ አንድ ካሜራ የማይገባበት ክፍል በቁልፍ ይኑር፤ ከሌለ ልጁ ሽንት ቤት ውስጥ መቆለፍን ይለምዳል። ሰዓቱን ከአምራቹም ከወላጁም ደመወዝ የማይቆረጥለት ሰው ይያዝ፤ ሰዓቱ ሲሞላ የማስቆም ሥልጣን ይኑረው። የደንብ ልብሱ ዓርማ፣ የሰፈሩ ምልክት፣ የልደቱ ቀን ሳይታይ ይቆረጥ፤ ቦታው ከሚታወቅበት ቀረጻ እስከ ስርጭቱ ቢያንስ ጥቂት ሳምንት ይለፍ፣ በቀጥታ ደግሞ ፈጽሞ አይተላለፍ። ነፍስ ያወቀ ልጅ ከመተላለፉ በፊት ተቆርጦ ያለቀውን ይይ፤ ይህ ይውጣ ያለው ይውጣ። ለዘለዓለም የሚለው ይሰረዝና በዓመት ይወሰን።

ቪዲዮን ስለማስጠፋት ፈረንሳይ ያደረገችው ይበቃል፤ ልጁ ራሱ፣ ወላጁን ሳያስፈቅድ፣ ቪዲዮው እንዲጠፋለት መጠየቅ ይችላል። እሱ ግን የተላለፈውን ብቻ ነው የሚነካው። ለአንድ ሰዓት ፕሮግራም የብዙ ቀን ቀረጻ ይሰበሰባል፤ ያልተላለፈው በሃርድ ዲስክ አንድ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፣ ውሉ ካልተናገረ ደግሞ የአምራቹ ንብረት ነው። ኩባንያው ሲሸጥ አብሮ ይሸጣል። ስለዚህ የዲስኮቹ ቁጥርና የተቀረጹበት ቀን በውሉ ተቀጽላ ይመዝገብ፤ ልጁ 18 ዓመት በሞላው በ30 ቀን ውስጥ ወይ ለእሱ ይሰጡ፣ ወይ እሱ ባለበት ይደምሰሱ።